ስልሳ ግራም ሩዝ

ሚዛኑ እንዲገዛ ያዘዘው ሐኪሙ ነው፤ በዚህ ማንም ሊያማት አይችልም። የት እንደሚቀመጥ ግን ሐኪሙ አላዘዘም። የወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ሰፊ ቦታ እያለ ኩንታል አልፋው ሄደችና ምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ እትዬ ከሚቀመጡበት ወንበር ፊት ለፊት ጎለተችው። ከመዳፍ ትንሽ የሚበልጥ፣ ፊቱ መስታወት የሆነ፣ ሲነኩት «ቲት» የሚል ነገር ነው። እትዬ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩት።

«ምንድን ነው ደግሞ ይሄ?»

«የእርስዎ ነው፣ እትዬ። ከዛሬ ጀምሮ የሚበሉት በዚህ እየተመዘነ ነው። ለእርስዎ ብዬ ነው።»

ይህችን «ለእርስዎ ብዬ ነው» የምትለዋን ነገር ኩንታል ከልጅነቷ ጀምሮ አፏ ውስጥ ይዛት ኖራለች። ስትተፋት እንዴት ያለ እፎይታ እንደተሰማት እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ።

ኩንታል ስሟ እንዳልሆነ መቼም ማንም ይገምታል። ወላጆቿ ያወጡላት ደህና ስም አላት፤ የሚጠራው ሰው ነው የጠፋው። እንግዳ ሰው ስሙን ሰምቶ ባለስሟን ሲያይ ይስቃል፤ ሴትዮዋ ከምትሰፋበት መርፌ ብዙም አትወፍርም። ልብስ ሰፊ ናት። እሷና እትዬ ከሚኖሩበት ከአባታቸው ቤት ሥር ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም መስታወትና ደንበኛ ልብስ የሚቀይርበት መጋረጃ ያላት ጠባብ ሱቅ አለቻት። ደንበኞቿ ሳይቀሩ «ኩንታል፣ ይሄን ሱሪ አሳጥሪልኝ» እያሉ ነው የሚገቡት። ስሙን ያተረፉላት ታላቅ እህቷ እትዬ ናቸው።

እናታቸው ስትሞት ኩንታል የወተት ጥርሷን እንኳን ነቅላ አልጨረሰችም፤ እትዬ ደግሞ ለአካለ መጠን የደረሱ ልጃገረድ ነበሩ። አባት የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ዛሬ ቤት ነገ መንገድ። ሁለቱ ወንድሞች ከኳስና ከጠብ ሌላ ሥራ አያውቁም። እትዬ ትምህርታቸውን ትተው ጭልፋውን ያዙ፤ ከጭልፋው ጋር ቤቱንም ያዙት። ሕጋቸው አንድ ነው፦ በዚህ ቤት ማንም ለራሱ አያወጣም። ረሃብ ቢያንገበግበውም ጭልፋውን የሚነካ የለም፤ ሰሃኑን ይዞ ተራውን ይጠብቃል። አባት እንኳን ይጠብቅ ነበር። ለአባት ሁለት ጭልፋ ሙሉ፣ ለወንዶቹ ሙሉ ሙሉ ይወጣል። የትንሿ ተራ ሲደርስ ጭልፋው ሞልቶ ይወጣና የድስቱ ጠርዝ ላይ «ቀጭ!» ይላል፤ ግማሹ ተመልሶ ይወርዳል። ምግብ አንሶ አይደለም። የተረፈው አድሮ ለውሻ ይሰጥ ነበር።

«ለአንቺ ብዬ ነው» ይላሉ እትዬ። «ድቡልቡል ብለሽ ስታድጊ ማን ሊያይሽ ነው?»

አንድ ቀን ልጅቷ ሰሃኗን በሁለት እጇ እንደያዘች ከቦታዋ አልነቃነቅ አለች።

«ይጨምሩልኝ፣ እትዬ» አለች።

ወንድሞቿ ማኘካቸውን አቆሙ። እትዬ አልተቆጡም፤ ጭራሽ ፈገግ አሉ።

«ነገ» አሉ።

በማግስቱ ወፍጮ ቤት ወሰዷት። ልጅቷ አንድ ነገር የሚገዛላት መስሏት እየዘለለች ነው የሄደችው። ወፍጮ ቤቱ እህል በሚያስፈጭ ሰው ጢም ብሏል። እትዬ ብብቷን ይዘው ብድግ አደረጓትና ጆንያ ከሚመዘንበት ትልቅ ሚዛን ላይ አቆሟት። ከዚያ ድምፃቸውን ከሞተሩ ጩኸት በላይ ከፍ አድርገው «ስንት ሆነች?» ብለው ባለወፍጮውን ጠየቁት። ባለወፍጮው ደግሞ ቀልድ የሚወድ ሰው ነበር፤ የሚዛኑን ብረት ወዲያ ወዲህ ገፋ ገፋ አድርጎ «ኧረ እቺስ ኩንታል ናት!» አለ። ቅንድቡ ላይ ዱቄት የተጋገረበት ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ክፍል ውስጥ አብሯት የሚቀመጠው ልጅም እዚያው ነበር። በሚቀጥለው ቀን ትምህርት ቤት ስትደርስ ስሟ ቀድሟት ደርሶ ጠበቃት።

ከዚያ ወዲህ «ይጨምሩልኝ» የምትል ቃል ከአፏ ወጥታ አታውቅም። ቂሟን ግን ቋጥራ አስቀመጠች፤ ቂም ደግሞ እንደ ምግብ አይበላሽም።

ዘመኑ አለፈ። አባት ሞተ፤ ወንድሞቹ ርቀው ሄደው በስልክ ብቻ የሚያስታምሙ ሆኑ። ኩንታል አግብታ፣ ፈታ፣ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። እትዬ ከዚያ ቤት ወጥተው አያውቁም። በስተርጅና ስኳር በሽታ ያዛቸው፣ ሰውነታቸው ከበደ፣ ጉልበታቸው አልሸከም አለ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጭልፋውን ለኩንታል አስረከቡ። ሲያስረክቡ የምርቃትም የምስጋናም ቃል አልተናገሩም፤ ሕጉን ብቻ አስታወሷት።

«ማንም ለራሱ አያወጣም» አሉ። «እኔም ብሆን።»

ሐኪሙ ዘንድ የሄዱ ቀን ሐኪሙ ቸኩሎ ነበር። «ኪሎ መቀነስ አለብዎት። ሩዝ ስልሳ ግራም፣ ምስር ሠላሳ፣ ከዳቦ አንድ ስስ ቁራጭ። በዓይን አይሆንም፤ ሚዛን ይገዛ» አለ እጁን እየታጠበ። ከዚያ አንድ ሁለት ቃል ጨመረ። ኩንታል ግን ፊቷን አዙራ የእትዬን ካፖርት ከበሩ ጀርባ እያወረደች ነበርና ይዛ የወጣችው ስልሳዋን ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ምሳ ቀረበ። ኩንታል ድስቱን ከነጭልፋው አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የእትዬን ሰሃን፣ መሃሉ ላይ ሰማያዊ አበባ የተሳለበትን፣ ሚዛኑ ላይ አደረገችና ቁልፉን ነካችው። ቲት። ዜሮ። ሩዙን በጭልፋ አወጣችበት።

«ስልሳ አምስት!» ብላ ጮክ ብላ አነበበች፤ ቤቱ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው እንደሌለ እያወቀች።

ከዚያ በማንኪያ ጫፍ ትንሽ አነሳችና ድስቱ ጠርዝ ላይ ቀጭ አደረገችው። ድምፁ ያው የድሮው ድምፅ ነው። እትዬ ቀና ብለው አዩዋት። ኩንታል ዓይኗን ከሚዛኑ አላነሳችም።

«ስልሳ። ይኸው፣ እትዬ። አንዲት ፍሬ አልተጨመረችም፣ አንዲት ፍሬ አልተቀነሰችም።»

ሩዙ የሰሃኑን አበባ እንኳን አልሸፈነውም። እትዬ ለረጅም ጊዜ አበባውን አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው በሉ፣ ሰሃኑን ጠረጉ፣ ማንኪያቸውን አስተካክለው አስቀመጡ።

«እጅሽ ይባረክ» አሉ።

ኩንታል የምትጠብቀው ሌላ ቃል ነበር። ሳንቀባባው እንናገር፦ ሚዛኑ የሐኪሙ ነው፣ ቃሉ ግን የእሷ ነው። እኚህ ሴትዮ ሰሃናቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ጨምሪልኝ» እንዲሏት ነው የፈለገችው። አንድ ጊዜ ብቻ። ቢሏት ልትጨምርላቸው ወስናለች፤ ምናልባት «ነገ» ብላ አንድ ቀን ካስጠበቀቻቸው በኋላ።

እትዬ ግን አላሉም። በማግስቱም «እጅሽ ይባረክ»፣ በሳምንቱም «እጅሽ ይባረክ»። ኩንታል በየማዕዱ ቁጥሩን እንደ ባለወፍጮው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች፤ እትዬም ቁጥሩን እንደ ሰላምታ ተቀብለው ይበላሉ። ሩዙ ማነሱን ኩንታል አላየችም ማለት አይቻልም፤ አይታለች። የሐኪም ትዕዛዝ ነው ብላ ግን አልፋዋለች። እስከዚያ ድረስ ክፋቷ በድምፅዋና በማንኪያዋ ነበር እንጂ በልኩ አልነበረም፤ ይህንን ለእሷ መመስከር ይገባል።

ሰፈሩ ደግሞ አደነቃት። ጎረቤታቸው ዳቦ ጋጋሪዋ አንድ ቀን ከምድጃ የወጣ ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። ሽታው ከእሷ ቀድሞ ነው የገባው። የእትዬ አፍንጫ ሲንቀሳቀስ ኩንታል አየች።

«እማማ፣ ትንሽ ይቅመሱ እንጂ። ምነው እንዲህ ከሱ?»

«አይሆንም፣ ልጄ» አሉ እትዬ። «በዚህ ቤት ማንም ለራሱ አያወጣም። እህቴ መዝና ታበላኛለች፤ እንደ ወርቅ።»

ዳቦ ጋጋሪዋ ከንፈሯን መጠጠች። «ወይ መታደል! የኛዎቹ ልጆች ውሃ እንኳን አያቀብሉም» ብላ ወጣች፤ ወሬውንም ከዳቦው ጋር ለመንደሩ አከፋፈለችው። ከዚያ በኋላ ወደ ሱቅ የሚገባ ደንበኛ ሁሉ ኩንታልን ሳያመሰግን ልብሱን አይሰጥም።

እትዬ ከሱ። ቀሚሳቸው ትከሻቸው ላይ አልቆም ሲል ኩንታል ወደ ሱቅ አውርዳ መስታወቱ ፊት አቆመቻቸውና በሁለት ጎን ሰብሰብ አድርጋ ሰፋችላቸው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አጠበበችው። የሰውነት መክሳት ሌላ ሰው በዓይኑ ይገምተዋል፤ ልብስ ሰፊ ግን በሜትሯ ታውቀዋለች። ኩንታል ከእህቷ ወገብ ስንት ጣት እንደሄደ፣ ከደረታቸው ስንት እንደሄደ ታውቃለች። የጎን አጥንታቸውን በስፒል ጫፍ ልትቆጥረው ምንም አልቀራት። ትርፉን ጨርቅ እየቆረጠች ጥግ ላይ ካለው ቅርጫት ትጥለዋለች።

በሐኪም ቤት በመጀመሪያ «ጎበዝ!» አሉ። በሚቀጥለው ክትትል ግን የሐኪሙ ረዳት፣ ቀጭን ድምፅ ያላት ነርስ፣ ሚዛኗን ሁለት ጊዜ አየችና እትዬን ኮሪደሩ ላይ ካለው ወንበር አስቀምጣ ኩንታልን ወደ ውስጥ ጠራቻት። ክፍሉ ታፍኖ ስለነበር በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ።

«እህቴ፣ አሁንስ በጣም እየከሱ ነው። ሩዙን ስትመዝኚ ደረቁን ነው አይደል? ማለቴ ከመቀቀሉ በፊት ያለውን። አንዳንድ ሰው የተቀቀለውን እየመዘነ በሽተኛውን በረሃብ ይጨርሰዋል። ሩዝኮ ውሃ ሲጠጣ ሦስት እጥፍ ይሆናል።»

ሌላ ቤት ቢሆን ይህ ስህተት አይፈጠርም ነበር። ሌላ ቤት ያለች ሴት ወጥ ቤት ገብታ ደረቁን ሩዝ መዝና ትጥደዋለች። በእነሱ ቤት ግን ምግብ የሚለካው ሲጣድ ሳይሆን ሲወጣ ነው፤ ሰሃን ይቀርባል፣ ጭልፋ ይወርዳል፣ ያኔ ድርሻ ይታወቃል። ኩንታል ሌላ መንገድ ስለመኖሩ ለአፍታ እንኳን አስባ አታውቅም። «አይ፣ ተሳስቻለሁ» ለማለት አፏን ከፈተች። እውነቱን ለመናገር ከአንድ ትንፋሽ የበለጠ አይፈልግም ነበር።

«ደረቁን ነው እንጂ!» አለች። «ምን ነካሽ? ይሄን ሳላውቅ ነው የማስታምማቸው?»

ነርሷ አፈረች። «ይቅርታ። እንግዲያው ሌላ በሽታ እንዳይሆን ደማቸው ይመርመር» አለች። በዚያች ውሸት ምክንያት የእትዬ ክንድ ሦስት ቦታ ተወጋ፤ ደም ሥራቸው ጠፍቶ ነበርና። ኩንታል አጠገባቸው ቆማ ካፖርታቸውን ይዛ አየች።

ቤት እስኪደርሱ ድረስ ለራሷ ስትምል ነበር፤ ዛሬ ደረቁን እመዝናለሁ፣ ለማንም ሳልናገር አስተካክለዋለሁ እያለች። ሚዛኑን ይዛ ወጥ ቤት ገባችና ስልሳ ግራም ደረቅ ሩዝ በኩባያ መዘነች። አየችው። ሲቀቀል አበባውን ሸፍኖ እስከ ሰሃኑ ጠርዝ የሚሄድ ነው። እጇ ድስቱ አፍ ላይ ቆመ። ሳይጠየቅ ከጨመረች ያ ሁሉ ጥበቃ ከንቱ ሊቀር ነው። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ የሳቁት ሁሉ እንደገና ሊስቁባት ነው። ደግሞስ ምን ብላ ትጨምራለች? ተሳስቼ ነበር ልትል ነው? ለእኚህ ሴትዮ?

«አፍ አላቸው፤ ይጠይቁኝ» አለች ለድስቱ።

ሩዙን እንደ ወትሮዋ ለሁለት ሰው ቀቅላ፣ ጠረጴዛ ላይ አቅርባ፣ የተቀቀለውን ስልሳ ግራም መዘነች። ድምፅዋ ግን ቁጥሩን ስታነብ እንደ ድሮው አልጮኸም። እትዬ ሰሃኑን አዩ፣ እሷን አዩ።

«እጅሽ ይባረክ» አሉ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስህተት ብሎ የሚጠራ ሰው ካለ፣ እሱ ጎበዝ ጠበቃ ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ኩንታል ጥቁር ክር አልቆባት ከሱቅ ወደ ላይ ወጣች። የወጥ ቤቱ በር ክፍት ነው። እትዬ ከዘራቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው ምድጃው አጠገብ ቆመዋል። የድስቱን ክዳን አንስተው በግራ እጃቸው ይዘውታል፤ ፊታቸውን ወደ እንፋሎቱ ዘንበል አድርገዋል። ድንች በሥጋ ነበር። ቀኝ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ሄዶ ጭልፋውን ከምስማሩ አወረደው። ኩንታል ደረጃው ላይ ቆማ አየች። እትዬ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ሳያስገቡ ትንሽ ያዙት። ከዚያ መልሰው ምስማሩ ላይ ሰቀሉት፣ ክዳኑን ገጠሙት፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ ወንበራቸው ሄዱ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሙ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ አንጀቱ ይላወስ ነበር። የኩንታልም ትንሽ ተላወሰ፤ ውሸት አይነገርም። ወዲያው ግን ጥርሷን ነከሰች። ኩራት ነው፤ ሞት አፋፍ ላይ ሆነውም ያው ኩራት! አንዲት ቃል ብቻ እኮ ነው። ክሯን ይዛ ወረደችና እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ስትሰፋ፣ የሰፋችውን ስትፈታ ቆየች።

ቀሚሱ ለሦስተኛ ጊዜ ሊጠብ ግድ ሆነ። እትዬ መስታወቱ ፊት በወንበር ጀርባ ተደግፈው ቆሙ፤ ኩንታል ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ ተንበረከከች። ቀሚሱ ውስጥ የቀረው የሚሰበሰብ ጨርቅ እንጂ ሰው አልነበረም። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው የለም፤ ውጭ ዳቦ ጋጋሪዋ ከደንበኛ ጋር ስትሳሳቅ ይሰማል።

«ሐኪሙ ደረቁን ነበር ያለው» አሉ እትዬ።

የኩንታል እጅ ቀሚሱ ጫፍ ላይ ደረቀ።

«ስፒሉን ከአፍሽ አውጪ፤ ትውጪዋለሽ።»

አወጣችው። እትዬ ወደ ታች አላዩም፤ የሚያዩት መስታወቱን ነው።

«የመጀመሪያ ቀን። ካፖርቴን ስታወርጂ። ‹ሳይቀቀል› አለ፤ ሰምቻለሁ። ጉልበቴ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው።»

«ታዲያ ለምን... ለምን ዝም አሉኝ፣ እትዬ?»

«መጀመሪያ ተሳስታ ነው፣ ነገ ታርመዋለች ብዬ ነበር። ከዚያ ያንን ማንኪያ ድስቱ ላይ ቀጭ ስታደርጊው ሰማሁ። ያኔ ገባኝ። ያጎደልኩባትን ልትቀበል ነው አልኩ። ትቀበል፤ ይገባታል አልኩ። ሚዛን ላይ ያቆምኩሽ እኔ ነኝ። ስትወርጂ አላለቀስሽም፤ ብታለቅሺ ይሻለኝ ነበር።»

ኩንታል ይህንን ቃል ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀው ኖራ፣ አሁን ሲመጣ የምትይዝበት እጅ አጣች። እትዬ ግን አልጨረሱም።

«ነርሷ ስትጠይቅሽ በሩ ክፍት ነበር።»

ውጭ ያለው ሳቅ ቆመ። ወይም ለኩንታል የቆመ መሰላት።

«እስከዚያ ቀን ድረስ የራበኝ የራሴ ነው» አሉ እትዬ ረጋ ብለው። «በልጅነትሽ ላጎደልኩብሽ ይሁን። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለው ግን ያንቺ ነው፣ ኩንታሌ። እኔ የለሁበትም።»

ኩንታል ከተንበረከከችበት ተነስታ ደረጃውን እየተደነቃቀፈች ወጣች። የእትዬን ሰሃን አወረደች፣ ሚዛኑን በክንዷ ገፍታ ጣለችው፣ ለምሳ የቀቀለችውን ሩዝ በጭልፋ ሙሉ፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ቁልል አድርጋ አወጣች፣ ማንኪያ ሰካችበት። አበባው ጠፋ። ሰሃኑን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሩዙ ደረጃው ላይ እየተንጠባጠበ፣ ወርዳ ፊታቸው ቆመች። እትዬ ተቀምጠው ነበር።

«ይብሉ፣ እትዬ። ይኸው። ሙሉውን ይብሉ።»

«አልጠየቅኩሽም።»

«ልለምንዎት። በእናታችን ይዤዎታለሁ።»

እትዬ ሰሃኑን አዩት። ማንኪያውን በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ወሰዱ፣ ሩዙ ውስጥ ከተቱት፣ ሞልተው አነሱት። ከዚያ የሰሃኑ ጠርዝ ላይ ቀጭ! አደረጉት፤ ግማሹ ተመልሶ ወረደ። የቀረችውን ጎረሱ፣ ብዙ አኝከው ዋጡ። ማንኪያውን መልሰው ሰሃኑ ላይ አስተካክለው አስቀመጡት።

«ይበቃኛል» አሉ።

ኩንታል ሰሃኑን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆማ ቀረች። መስታወቱ ውስጥ ራሷን አየች፤ እዚያ የቆመችው ባለ ሽበት ሴት ሰሃን ይዛ ተራ የምትጠብቅ ልጅ ሆና ታየቻት። እንባዋ አፏ ውስጥ ገባ።

«ይጨምሩልኝ፣ እትዬ» አለች። «አንዲት ማንኪያ ብቻ ይጉረሱልኝ። ይጨምሩልኝ።»

እትዬ ፈገግ አሉ። የድሮዋ ፈገግታ ናት፤ ጥርሱ ብቻ ነው የጎደለው።

«ነገ» አሉ።

ነገም መጣ፣ ከነገ ወዲያም መጣ። ኩንታል ሙሉ ሰሃን ታቀርባለች፤ እትዬ ግማሽ ማንኪያ ጎርሰው «ይበቃኛል» ይላሉ። ብታለቅስ፣ ብትቆጣ፣ እግራቸው ላይ ብትወድቅ መልሱ ያው ነው። ከእሷም ጉሮሮ እህል አልወርድ አለ፤ ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሩዙን መቀዝቀዝ ያያሉ። ዳቦ ጋጋሪዋ ቅሪቱን ለውሻዋ ትወስዳለች።

ኩንታል በመጨረሻ መድኃኒቱ መናገር ነው አለች። የክትትሉ ቀን ሳይደርስ እትዬን ደግፋ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸውና ነርሷ ገና ወንበር ሳትስብ ፊቷ ቆማ አወጣችው።

«ዋሽቼሻለሁ። የተቀቀለውን ነበር የምመዝነው። መጀመሪያ በስህተት፣ አንቺ ከነገርሽኝ በኋላ ግን ሆን ብዬ። አስርቤያቸዋለሁ። ለሐኪሙ ንገሪው፣ ለወንድሞቼም እነግራለሁ፣ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።»

ነርሷ ክው ብላ ወደ እትዬ ዞረች። «እውነት ነው፣ እማማ?»

እትዬ ከዘራቸው ላይ ሁለት እጃቸውን ደራርበው ተቀምጠዋል። ኩንታልን አዩዋት፤ በደንብ፣ ከላይ እስከ ታች። ዓይኗን ከአፋቸው ሳትነቅል የምትጠብቀው ቃል ምን እንደሆነ አወቁ።

«ኧረ እሷ!» አሉ። «ደረቁን ነው የምትመዝነው፣ ልጄ። በዓይኔ እያየሁ። እኔን የበላኝ ሌላ በሽታ ነው። እሷ ደግሞ በድካም ብዛት ሁሉን ነገር በራሷ ላይ ታደርጋለች። እህቴን የመሰለ አስታማሚ አገር ቢዞር አይገኝም።»

«እትዬ!» አለች ኩንታል። «እባክዎ ይንገሯት! እውነቱን ይንገሯት!»

«አየሽ?» አሉ እትዬ ለነርሷ። «እንዲህ ናት።»

ነርሷ የኩንታልን ትከሻ ዳበሰች፤ በዓይኗ እንባ ሞልቷል። «አይዞሽ እህቴ፤ አስታማሚ ሁሉ እንዲህ ይሰማዋል። ራስሽን አትክሰሺ። አንቺም እኮ አልቀሻል። ነይ እስቲ ውጪበት» ብላ ክንዷን ይዛ ጥግ ላይ ካለው ሚዛን ላይ አቆመቻት። ኩንታል ልትወርድ ፈለገች፤ ነርሷ ግን ክንዷን አለቀቀችም።

«ስንት ሆነች?» አሉ እትዬ ከወንበራቸው፤ ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ።

ነርሷ ቁጥሩን ነገረቻቸው። እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁና ከዘራቸውን አስተካክለው ለመነሳት እጃቸውን ወደ እህታቸው ዘረጉ።

«ነይ እንሂድ፣ ኩንታሌ» አሉ። «ምሳ ሰዓት ደርሷል።»